ከአባ ነጋ ማረፊያ እስከ አባ ገሪማ

ነሐሴ 14፣ መቀሌ

አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ አስተናጋጇ «እንኳን ወደ አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ በደህና መጣችሁ» አለች። አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ስልኩን እየከፈተ «አባ ነጋ የአባታቸው ስም ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። የፈረሳቸው ስም ነው አልኩት። እንዳላመነኝ ከፊቱ ስለገባኝ ቆጠርኩለት፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው። «ታዲያ እኛ አሁን ፈረስ ላይ ነው ያረፍነው?» አለና ሳቀ። ሲታሰብ እውነቱን ነው። የአሉላ አባት እንግዳ፣ አያታቸው ቁቢ ይባላሉ፤ በአገራቸው ዛሬም «ወዲ ቁቢ» የሚላቸው ሞልቷል። ሰሌዳው ላይ የወጣው ግን ፈረሱ ነው።

ለዚህ ጉዞ ያስነሣኝ አንድ ጥያቄ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በመጋዘን ሥራ ላይ ኖሬያለሁ፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ከወጪ ቀሪ። ታሪክ ሳነብ የጦር አበጋዙ ሲፎክር፣ ሲዘምትና ድል ሲመታ አያለሁ። በሁለት ውጊያዎች መካከል ባለው ረጅም ጊዜ ግን ምን ይሠራ ነበር? እሱን ማን ይቀልበው ነበር፣ እሱስ ስንቱን ይቀልብ ነበር? ንጉሠ ነገሥት ባለበት አገር ከንጉሡ ቀጥሎ የጦሩ የበላይ መሆን ምን ዓይነት ሥራ ነው? የዐፄ ዮሐንስን የጦር አበጋዝ ራስ አሉላን የመረጥኩት የተወለዱባት ማነዌና የተቀበሩበት አባ ገሪማ ገዳም ለዓመት ፈቃዴ የሚበቁ ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ ነው። በመካከላቸው የተኖረው ሕይወት ግን እስከ ምጽዋ ደጃፍና እስከ መተማ ይደርሳል።

ሊመሽ ሲል የዐፄ ዮሐንስን ቤተ መንግሥት ከውጭ ተመለከትኩ። ግንቡ የጣሊያናዊው አናጢ የጃኮሞ ናሬቲ ሥራ ነው፤ የንጉሡንም ዙፋን የሠራው እሱ ነው። ንጉሡ በጣሊያን እጅ የተሠራ ዙፋን ላይ ተቀምጠው ሳለ የጦር አዛዣቸው ሰሜን ላይ ጣሊያንን ይጠብቅ ነበር። በሌላው የከተማው ጫፍ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ባለበት በእንዳ ኢየሱስ፣ በ1888 ዓ.ም. ጥር ላይ ጣሊያኖች ምሽግ ይዘው ተከበው ነበር። ምሽጉን ያስለቀቀው የውኃው ምንጭ መያዙ ነው፤ ዘዴውን ያመጡት እቴጌ ጣይቱ እንደሆኑ ይነገራል። ራሶቹ ሁሉ ስለ መድፍ ሲያስቡ ስለ እንስራ ያሰቡት እሳቸው ነበሩ ማለት ነው። እኔ በሙያዬ የምፈርደው ለእሳቸው ነው።

ነሐሴ 15፣ ከሐገረ ሰላም ወደ ዓቢ ዓዲ

ሚኒባሱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይነሣል ተብሎ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሣ። ሐገረ ሰላም ስንደርስ ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት ነበር። በነሐሴ ብርድ ሻይ እየጠጣን ሳለ ነጠላቸውን እስከ ጆሯቸው የተከናነቡ አንድ አዛውንት ከጎኔ ተቀመጡ። ከአዲስ አበባ መሆኔን ሲሰሙ ወደ አማርኛ ዞሩና «ወደይ፣ ለምን ጉዳይ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። ለአሉላ ስላቸው ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

የነገሩኝን ተረት ከዚህ ቀደም በጽሑፍ አውቀዋለሁ፤ በእሳቸው አፍ ግን ሌላ ነገር ሆነ። የሠርግ እንጀራ በመሶብ የተሸከሙ ሰዎች በመንገድ ሲያልፉ አንድ የልጆች ጭፍራ ያስቆማቸዋል። አለቃው ትንሹ አሉላ ነው። «ወዴት ነው የምትሄዱት?» ይላቸዋል። ሰዎቹ ሊያሾፉበት «ወደ ራስ አሉላ ወዲ ቁቢ ግቢ» ይሉታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈር ልጆች «ራስ አሉላ» እያሉ ይጠሩት ጀመር። አዛውንቱ እዚህ ላይ ቆም አሉና «እንጀራውን ወሰደባቸው ወይስ አልወሰደባቸውም? እሱን የሚነግርህ የለም» አሉኝ። እኔም የምፈልገው እሱን ነበር።

ተረቱ ይቆየን። ልጁ አድጎ በመጀመሪያ ከራስ አርአያ ድምጹ ቤት፣ ኋላም ከደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ ማለትም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው በ1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ከነገሡት ሰው ዘንድ ገባ። የጀመረው እልፍኝ አስከልካይ ሆኖ ነው። በር ጠባቂ ማለት ነው፤ ነገር ግን በንጉሥ ቤት በር የሚጠብቅ ሰው ማን እንደገባ፣ ማን ደጅ እንደጠና፣ ማን ተቆጥቶ እንደወጣ ያውቃል። ቀጥሎ ቱርክ ባሻ ተባለ፤ ይህ ሹመት ጠመንጃ ያዡን ጦር ማዘዝ ነው። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ የግብፅ ጦር ከተሸነፈ በኋላ ራስ ሆነው መረብ ምላሽን፣ ማለትም ከመረብ ወንዝ ማዶ ያለውን አገር፣ እንዲገዙ ተሾሙ። ከዚህ ወዲያ «አንተ» ብዬ ልጽፋቸው አልችልም።

የዘመኑን ራሶች አንድ በአንድ ብንቆጥር አብዛኛው አባቱ ወይም አያቱ የገዛው አገር አለው። ንጉሥ ቢቆጣው ወደ አገሩ ገብቶ አምባ ላይ ይወጣል። የገበሬው ልጅ አሉላ እንዲህ ዓይነት መሸሸጊያ አልነበራቸውም። ያላቸው ሁሉ ከአንድ ሰው እጅ የመጣ ነው። ንጉሡ ያን ሁሉ ጦርና ያን ሁሉ የድንበር አገር በእርጋታ የሰጧቸውም ለዚህ ይመስለኛል።

ከዶጉዓ ወደ ዓቢ ዓዲ የሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ጆሮዬ ሁለት ጊዜ ተደፈነ። ታች ሙቀት ነው። ፍልሰታ አልተፈታምና ምሳዬም እራቴም ሽሮ ሆነ።

ነሐሴ 16፣ ዓቢ ዓዲ

ማነዌ አልሄድኩም። ይህን በመጀመሪያ ልናገረው። ባለ ባጃጁ ትናንት ማታ «እወስድሃለሁ» ብሎ ጠዋት ሲመጣ አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። «ዛሬ አሸንዳ ነው፤ መንገዱንም ጎርፍ በልቶታል፤ ለሁለቱም ብለህ ተወው» አለኝ። ሁለት ምክንያት የሚያቀርብ ሰው አንዱን አምኖበት ነውና አልተከራከርኩም።

በምትኩ ቀኑን ሙሉ በልጃገረዶች ተከብቤ ዋልኩ። ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው፣ ወገባቸው ላይ የአሸንዳ ቅጠል አስረው ከበሮ እየመቱ በቡድን በቡድን ይመጣሉ። ከሆቴሉ ደጅ እግሬን ሳወጣ አምስቱ መንገዱን ዘጉት። ከበሮ የያዘችው ትንሿ ናት፤ አሥር ዓመት ቢሞላት ነው። አይኗን ከኪሴ ሳታነሣ ሌሎቹ ዘፈኑ። ሃምሳ ብር ሰጠኋት። ብሩን አየችውና ቡድኗን አየች፤ ቡድኗን ቆጥራ እንደገና ብሩን አየችው። ሌላ ሃምሳ ጨመርኩ። ያን ጊዜ መንገዱ ተከፈተ። የትናንቱ ተረት ጥያቄም እዚሁ ተመለሰልኝ፤ እንጀራው ሳይወሰድ የሠርገኛው መንገድ አልተከፈተም።

ከሰዓት በኋላ ቡና ጠጥተን ስለ ማዕረጎች ስናወራ ዋልን። የሆቴሉ ባለቤት እመት፣ የጠዋቱ ባለ ባጃጅና እኔ። ማዕረጉ ራሱ የሰፈር ካርታ እንደሆነ ስነግራቸው ባለ ባጃጁ በወረቀት ላይ ሣለው። ፊታውራሪ በፊት የሚሄደው ነው። ቀኝአዝማች በቀኝ፣ ግራአዝማች በግራ። ደጃዝማች የደጁ፣ ማለት የንጉሡ ድንኳን ፊት ያለው ጦር አዝማች ነው። ራስ ደግሞ ከአንገት በላይ ያለው ነው። ድንኳኑ ሲተከል እያንዳንዱ ቦታውን ያውቃል፤ ማታ በጨለማ ቢመጣ እንኳ የሚሰፍርበትን አይጠይቅም። ባለ ባጃጁ ሥዕሉን ጨርሶ መሐሉን በጣቱ ነካና «ንጉሡ እዚህ ከሆነ ራስ የሚባለው የት ነው የሚተኛው?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ንጉሡ ባሉበት ዘመቻ የበላይ አዛዥ ንጉሡ ራሳቸው ናቸው። ራስ በእውነት አዛዥ የሚሆነው ከንጉሡ በራቀ ቁጥር ነው፤ በጣም ሲርቅ ደግሞ ይጠረጠራል።

እመት በቡናው መሐል «ይህ ሁሉ ሰው ምን ይበላ ነበር?» አሉ። የእኔን ጥያቄ ሳልነግራቸው አነሡት። ወታደሩ ደመወዝ የለውም። አበጋዙ አገር ይሰጠዋል፤ የአገሩ ገባር የሚያስገባውን እህልና ማር፣ ከብትና አሞሌ ተቀብሎ ጦሩን ይመግባል፣ ግብር ያበላል፣ ጠመንጃ ያድላል። በሰላም ጊዜ ወታደሩ በገበሬው ቤት ተሠሪ ሆኖ ይሰፍራል። በዘመቻ ጊዜ የሚያልፍበት አገር ድርጎ ያወጣል። የቀረውን በሶውን፣ ድርቆሹንና ቆሎውን ሚስቱ ወይም ሎሌው ተሸክመው ይከተሉታል። ስለዚህ አበጋዙ ከጠላት ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚቆጥረው ጎተራ ነው። ብዙ ወታደር ያለው ሰው ብዙ አፍ አለው። አንድ አገር ላይ ከከረመ አገሩን ይጨርሰዋል፤ ከተንቀሳቀሰ ሌላውን ይጨርሳል። እመት ይህን ሲሰሙ ፈገግም አላሉ። «እሱንስ እናውቀዋለን» አሉና ሁለተኛውን ስኒ ቀዱ። ስለ የትኛው ዘመን እንደተናገሩ አልጠየቅኋቸውም።

ነሐሴ 17፣ ወደ አድዋ

ከዓቢ ዓዲ በስተሰሜን ወርቅ አምባ አለ። በ1928 ዓ.ም. ጥርና የካቲት በዚህ በተምቤን ሁለት ጊዜ ከባድ ውጊያ ተደርጓል። ጉዞዬ ለአሉላ ነው ብዬ ላልፈው ነበር፤ አልሆነልኝም። የሰሜን ግንባር የበላይ አዛዥ ራስ ካሣ ኃይሉ ነበሩ። አብረዋቸው የዐፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ራስ ሥዩም መንገሻ ተምቤን ላይ ነበሩ። ራስ እምሩ በምዕራብ ሽሬ ላይ፣ የጦር ሚኒስትሩ ራስ ሙሉጌታ ይገዙ በደቡብ አምባ አራዳም ላይ ነበሩ። ካርታ ላይ ሲታይ የአንድ እጅ ጣቶች ይመስላሉ። ነገር ግን የሚነጋገሩበት ሬዲዮ ጥቂት ነው፤ በሬዲዮ የሚተላለፈውንም ጣሊያን ጠልፎ ያነብ ነበር። አምባ አራዳም የካቲት ውስጥ ተሰበረ፤ ራስ ሙሉጌታ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ ተገደሉ። ቀጥሎ ተምቤን፣ ቀጥሎ ሽሬ። መጋቢት ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ማይጨው ላይ ጦር መሩ።

ከመስኮቱ የሚታየው አረንጓዴ ጤፍና የድንጋይ አጥር ነው። በመካከሉ የተቃጠለ የብረት ተሽከርካሪ ቅሪት አልፎ አልፎ ይታያል፤ ከ1928 የተረፈ አይደለም። በመኪናው ውስጥ ማንም አንገቱን አላዞረም። ወርዒ ወንዝ ሞልቶ ደፍርሶ ነበር፤ ድልድዩን ስንሻገር ሾፌሩ ሙዚቃውን ቀነሰና ተሻግሮ መልሶ ከፍ አደረገው።

አድዋ ስንገባ ሶሎዳ ላይ ዝናብ ነበር።

ነሐሴ 18፣ አድዋ

ጉንፋን ይዞኝ ከክፍሌ ሳልወጣ ዋልኩ። ዝንጅብል ሻይ፣ ነጭ ሽንኩርትና ማስታወሻ ደብተር።

ለኔ የአሉላ ሥራ ሁሉ የሚጠቃለለው በሁለት ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው የ1876 ዓ.ም. ውል ነው። እዚሁ አድዋ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ከእንግሊዙ አድሚራል ሂዌት ጋር ተዋዋሉ፦ ኢትዮጵያ በሱዳን ማሕዲስቶች የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች በአገሯ በኩል ታስወጣለች፤ በምትኩ የከረን አካባቢ ቦጎስ ይመለስላታል፣ ምጽዋም ለንግዷ ክፍት ይሆናል። ንጉሡ ተዋዋሉ፤ የሚፈጽመው አሉላ ነው። አሉላ በመስከረም 1878 ዓ.ም. ኩፊት ላይ የማሕዲስቶቹን አዛዥ የዑስማን ዲግናን ጦር ድል አደረጉ፤ ብዙ ሰውም አለቀባቸው። ይህ ሲሆን እነዚያው እንግሊዞች ምጽዋን ጣሊያን እንዲይዛት ከፈቀዱ ወራት አልፈው ነበር። በመጋዘን ቋንቋ ልናገረው፦ ዕቃው ወጥቷል፣ ደረሰኙ አልመጣም።

ሁለተኛው ዶጋሊ ነው። ጣሊያኖች ከምጽዋ ወጥተው ሰሐጢን ያዙ። አሉላ አስመራ ነበሩ፤ በ1876 ዓ.ም. ገደማ መቀመጫቸውን እዚያ አድርገው ነበር። ጥር 1879 ዓ.ም. ሰሐጢን ገጥመው አልቀናቸውም። በማግስቱ ለምሽጉ ስንቅና ጥይት ይዞ የሚመጣ አምስት መቶ ያህል የጣሊያን ጦር ዶጋሊ ላይ ጠብቀው ፈጁት፤ ከአራት መቶ በላይ ሞተ። ስንቅ የሚያመጣው ጦር ነው የተመታው፤ ይህን ሳነብ ሁልጊዜ እርሳሴን አነሣለሁ። ሮም ከባቡር ጣቢያው ፊት ያለው «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» የተሰየመው ለእነዚህ ሟቾች ነው። በዚያ ከተማ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን የሚቃጠሩበት ቦታ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል፤ «አደባባዩ ጋ ጠብቀኝ» የሚባለው የአሉላ ድል ላይ ነው።

ዐፄ ዮሐንስ በዚህ ድል እንዳልተደሰቱ፣ እንዲያውም ሳላዝህ በማን ወታደር ተዋጋህ የሚል ዓይነት ቁጣ እንደላኩ ይተረካል። ቃሉ እንዲህ ነበር ብዬ አልምልም፤ ነገሩ ግን የሥርዓቱ ልብ ነው። አበጋዙ ጦሩን ይመግባል፣ ይቀጣል፣ ይሸልማል፣ ሲሞትም ይቀብራል። ጦሩ ግን የእሱ አይደለም። ከአስመራ ወደ ንጉሡ መልእክተኛ ደርሶ እስኪመለስ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ጠላት ደግሞ በአንድ ቀን መንገድ ላይ ነው። ከጠበቀ ድንበሩ ይሄዳል፤ ካልጠበቀ ራሱ ይሄዳል። አሉላ አልጠበቁም።

መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ቆስለው ሞቱ፤ ያ ሁሉ ጦር በቀናት ውስጥ ተበተነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ጣሊያን አስመራ ገባ። አሉላ ራስነታቸው አልተነካም። አገር ግን የለም፣ ጎተራ የለም፣ ስለዚህ ወታደሩ ቀስ በቀስ ቀለብ ወዳለበት ሄደ። የዐፄ ዮሐንስን ወራሽ ራስ መንገሻን አልተዉም። በ1886 ዓ.ም. መንገሻና ዋና ዋና ሰዎቻቸው፣ አሉላም ጭምር፣ አዲስ አበባ ወርደው እንደ ልማዱ ድንጋይ ተሸክመው ለዐፄ ምኒልክ ገበሩ። ዶጋሊ ላይ ያዘዘው ትከሻ ላይ ድንጋይ። እዚህ ጋ ስደርስ ሻዩ ቀዝቅዞ አገኘሁት።

ነሐሴ 19፣ አባ ገሪማ

ጉንፋኑ ለቀቀኝ። ገዳሙ ከአድዋ በስተምሥራቅ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባጃጁ ጭቃው እስካስቆመው ድረስ ወሰደኝ፤ የቀረውን በእግሬ ወጣሁ።

የካቲት 23፣ 1888 ዓ.ም. ውጊያው የተደረገው በእነዚህ ተራሮች መካከል ነው። የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲዬሪ አሥራ ሰባት ሺህ ያህል ጦር በአራት ከፍሎ በሌሊት አስነሣ። የኮረብታ ስም ተሳስቶ የአልበርቶኔ ክፍል ከሌሎቹ ርቆ ወደፊት ወጣ። ፊታውራሪ ገበየሁ በማዕረጋቸው እንደተጻፈው በፊት ሆነው ገጠሙት፤ እዚያው ወደቁ። የበላይ አዛዡ ዐፄ ምኒልክ ናቸው፤ እቴጌም የራሳቸውን ጦር ይዘው ነበር። አሉላም ከራስ መንገሻ ጋር ነበሩ፤ ከጣሊያን ጋር የመዋጋት ልምዳቸው ከብዙዎቹ ራሶች ይበልጥ ነበር፤ የሚያዙት ሰው ግን ከብዙዎቹ ያነሰ ነበር። ከድሉ በኋላ ፈረሰኛ ስጡኝና ጠላትን እስከ ባሕር ላሳደው ብለው እንደለመኑ ይባላል። ምኒልክ አልፈቀዱም። ለመቶ ሺህ ያህል ሰው የመጣው ስንቅ ሊያልቅ ተቃርቦ እንደነበር ስለማውቅ በዚህ ላይ ንጉሡን መውቀስ አልችልም። አሉላ ግን የለመኑት ጦር የራሳቸው ቢሆን ኖሮ አይጠይቁም ነበር።

ዓመት አልሞላም። በተወለዱበት በተምቤን ጉዳይ ከራስ ሐጎስ ጋር ተጣሉ፤ ተዋጉ። ሐጎስ ተገደሉ፣ አሉላ ቆሰሉ። የካቲት 1889 ዓ.ም. በዚያው ቁስል ሞቱና እዚህ መጡ።

ገዳሙ ደጅ ስደርስ ዝናቡ እንደገና ጀመረ። አንድ አረጋዊ መነኩሴ የላስቲክ ጫማቸውን በድንጋይ ላይ እየፋቁ ነበር። «አባቴ፣ ይፍቱኝ» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉና የመጣሁበትን ጠየቁ። ለራስ አሉላ መቃብር አልኳቸው። ጎብኚ ሁሉ መጀመሪያ ስለ ጥንታዊው የአባ ገሪማ ወንጌል ስለሚጠይቅ ይመስለኛል፣ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ቀደሙኝ።

በመቃብሩ ዘንድ ብዙ አልቆየሁም። ኮፍያዬን አውልቄ ቆምኩ፤ ዝናቡ አንገቴ ውስጥ ገባ። መነኩሴው ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ጸለዩ፤ ለማን እንደሆነ አልሰማሁም።

ስመለስ አንድ ወጣት ዲያቆን በጎተራ ደጅ ተቀምጦ ነበር። በጉልበቱ ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ደብተር ዘርግቷል። አንገቴን አስግጌ ሳየው ዓይኔን አላመንኩም፦ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ስንዴ፣ ጧፍ፣ ዕጣን። ያመጣሁትን ሁለት እሽግ ጧፍ ሰጠሁት፤ ቆጠረና በገቢው ረድፍ ጻፈ። «ያስገቢው ስም?» አለኝ። ነገርኩት። ሲጽፍ የአባቴን ስም አንድ ፊደል ሳተ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ደብተር ሳርም ኖሬያለሁ፤ ይህን ግን እንዳለ ተውኩት። ዲያቆኑ ከማድጋው እፍኝ ሙሉ ቆሎ ዘግኖ በወረቀት ጠቀለለልኝ፤ ያንንም በወጪ ረድፍ ሊጽፍ ይሆን ብዬ ጠበቅሁት። አልጻፈውም። ታች ባለ ባጃጁ ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ነፋ።